ለመጀመሪያ ጊዜ ፔፐር ሪቪው አድርጊ ለተባልሽው እህታችን

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ከጆርናል የሪቪው ግብዣ (ለህትመት የቀረበ ጥናት ገምግሚልን የሚል) ደርሶሽ ከምን እንደምትጀምሪ ግራ ገብቶሻል፣ ግራመሩንም ላርም ወይ ብለሻል፣ ሪጀክት (አይታተም) ለማለት ስንት ስህተት ይበቃል ብለሻል። ከስር የመለሱልሽ ብዙዎቹ ቼክሊስት (ፔፐር ውስጥ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች ዝርዝር) ነው የላኩልሽ፣ ጥሩ ነው እኔም እጠቀመዋለሁ፣ ግን ከሱ በፊት የሚቀድም ነገር ስላለ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ሪቪው ማድረግ ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ፣ በብዛት የሚላክልኝ የጤና ጥናት ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዛ ናቸው።

ሪቪወር የሚጠየቀው ፔፐሩ ደስ አለሽ ወይ ተብሎ አይደለም፣ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትሰሪው ነበር ተብሎም አይደለም። ጥያቄው ሰዎቹ ደረስንበት ያሉት ድምዳሜ ከሰሩት ስራ ይወጣል ወይስ አይወጣም ነው። ብዙ ሪቪው የሚበላሸው እዚህ ጋር ነው፣ ሪቪወሩ በልቡ ሌላ ጥናት ይጽፍና የቀረበው ያንን ስላልሆነ ይጥለዋል።

ግብዣውን ከመቀበልሽ በፊት አብስትራክቱን (የፔፐሩን አጭር ማጠቃለያ) አይተሽ ራስሽን ጠይቂ። ከጸሐፊዎቹ ጋር አብረሽ የሰራሽው ነገር ካለ፣ ወይ ተመሳሳይ ፔፐር ልታወጪ እየተሯሯጥሽ ከሆነ ለኤዲተሩ ንገሪው፣ እሱ ይወስን። የማትችይው ክፍል ካለም እንደዛው፣ "የስታቲስቲክሱን ሞዴል መገምገም አልችልም፣ የቀረውን አያለሁ" ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለውም፣ እንደውም ኤዲተሩ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ይረዳዋል። የማይመችሽ ከሆነ ግን ቶሎ እምቢ በይ፣ ዝም ብሎ ማቆየት ነው ጸሐፊዎቹን የሚጎዳው።

አነባበቡ ላይ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ምንም ሳልጽፍ አንዴ ዳር እስከዳር አነበዋለሁ፣ ከዛ ምን ጠየቁ ምን አገኘን አሉ የሚለውን በሁለት አረፍተ ነገር በራሴ ቃል እጽፋለሁ። መጻፍ ካቃተኝ የመጀመሪያው ኮሜንቴ እሱ ነው። በሁለተኛው ዙር በቀጥታ ሜተድ (እንዴት እንደሰሩት የጻፉበት ክፍል) ላይ ነው የምገባው፣ ዲስከሽኑን (ውጤታቸውን የሚተረጉሙበትን ክፍል) እተወዋለሁ፣ ምክንያቱም ጥሩ የተጻፈ ዲስከሽን ሰውን ያሳምናል፣ አንዴ ካመንሽ ደግሞ ቴብሉን የምታዪው ያመንሽውን ለማግኘት ነው። ሜተዱን ጨርሰሽ "እንዲህ ከሰሩ ሪዛልቱ (ያገኙት ውጤት የቀረበበት ክፍል) ላይ ምን ማየት አለብኝ" ብለሽ ገምቺ፣ ከዛ ሪዛልቱን ክፈቺ። ሜተድ ላይ አለ የተባለ መለኪያ ሪዛልት ላይ ከጠፋ ወይ ሜተድ ላይ ያልነበረ ነገር ሪዛልት ላይ ብቅ ካለ ወዲያው ይታይሻል።

ቴብሎቹን በካልኩሌተር እያቸው፣ ስልችት የሚል ስራ ነው ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። አንድ ያጋጠመኝን ልንገርሽ፣ ሪቪው ሚስጥር ስለሆነ ቁጥሩንም ዝርዝሩንም ቀይሬዋለሁ። ቴብል 1 ላይ 412 ታካሚ አለ፣ ዋናው ውጤት ያለበት ቴብል 3 ላይ ግን ስደምረው 367 ሆነ፣ ስለቀሩት 45 ሰዎች ጽሁፉ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ኮሜንቴ አጭር ነበር፣ 45ቱ ለምን ወጡ፣ ከቀሩት ጋር በእድሜና በህመማቸው ክብደት ይመሳሰላሉ ወይ የሚል። መልሱ ሲመጣ ለካ የላብራቶሪ ውጤት ስለሌላቸው ነው የወጡት፣ ውጤት ያልነበራቸው ደግሞ አብዛኞቹ በጣም የታመሙት ናቸው። ጸሐፊዎቹ በቅንነት አናሊስሱን እንደገና ሰሩት፣ ትልቅ መስሎ የነበረው ልዩነት በግማሽ ወረደ፣ ድምዳሜውም ተቀየረ። ሜጀር ሪቪዥን (ከባድ ማስተካከያ ተደርጎበት ይመለስ) የሚባለው ለእንደዚህ አይነቱ ነው።

ይሄ ነገር በቀላሉ እንደሚያልፍ ደግሞ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት የቢኤምጄ ጆርናል ሪቪወሮች ሆን ተብሎ 9 ከባድ ስህተት የገባባቸው ፔፐሮች ተሰጥቷቸው በአማካይ ያገኙት ከሲሶ ያልበለጠ ነው፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ስለዚህ አዲስ ስለሆንሽ አትፍሪ፣ ቀስ ብለሽ መሄድሽ እንደውም ጥቅም ነው።

ከዛ ድምዳሜው ላይ ነይ። መረጃው በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ ሆኖ ሳለ "አስከተለ"፣ "ቀነሰ"፣ "ውጤት አመጣ" የሚሉ ቃላት ካየሽ አስቁሚያቸው፣ የቱ ከየቱ እንደቀደመ እንኳን አይታወቅም። ፒ ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት በአጋጣሚ የሚታይበት እድል) ከ0.05 አነሰ ብለው የሚጨፍሩም አሉ፣ አንቺ ግን ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው ቁጥር ከየት እስከየት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየውን) እዪ። ኦድስ ሬሾ (ነገሩ የመከሰት እድሉን በሁለት ግሩፕ የሚያነጻጽር ቁጥር፣ 1 ማለት ልዩነት የለም ነው) 3.2 ሆኖ ኢንተርቫሉ ከ1.1 እስከ 9.4 ከሆነ "ሶስት እጥፍ ይጨምራል" ብሎ በአብስትራክት ማወጅ ውሃ አያነሳም፣ ምንም ያህል ላይሆን ይችላል ወይ ደግሞ በጣም ትልቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው ልዩነት አላገኘንም ያለን ፔፐር በዚህ ምክንያት ብቻ አትጣይ፣ ይሄን በጣም ነው የምለምንሽ። ምንም አልተገኘም የሚሉት ጥናቶች መሳቢያ ውስጥ ሲቀሩና አገኘን የሚሉት ብቻ ሲወጡ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ የሚያየው ሰው የተሳሳተ ስዕል ነው የሚያገኘው፣ ህክምና ላይ ደግሞ ዳፋው ለታካሚ ነው የሚተርፈው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሬጅስተርድ ሪፖርት የሚባል አሰራር የመጣውም ለዚህ ነው፣ ዳታ ሳይሰበሰብ ጥያቄውና ሜተዱ ይገመገማል፣ ውጤቱ ወዴትም ቢሄድ ይታተማል።

ቼክሊስቶቹን በተመለከተ፣ ለራንደማይዝድ ትራያል (ተሳታፊዎች በእጣ ተመድበው ህክምና የሚሞከርበት) ኮንሶርት፣ ለኦብዘርቬሽናል ጥናት (ጣልቃ ሳይገቡ የሚከታተሉበት) ስትሮብ፣ ለሲስተማቲክ ሪቪው (ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ ለሚያይ) ፕሪዝማ የሚባል ቼክሊስት አለ፣ እነዚህን የሚሰበስበው ኢኳተር ኔትወርክ ሳይት ላይ ሁሉንም ታገኛለሽ። ግን የሚነግሩሽ ነገሩ ተጽፏል ወይ የሚለውን ነው። የስትሮብን 22 ነጥቦች በሙሉ ያሟላ ሆኖ ጥያቄውን ሊመልስ በማይችል ዲዛይን የተሰራ ፔፐር አለ፣ ስለዚህ ነጥብ መስጫ አታድርጊው።

ሪጀክት ለማለት ስንት ስህተት ይበቃል ላልሽው፣ ቁጥር የለውም። ጽሁፉ ላይ በመስራት የሚስተካከል ነው ወይስ አይደለም ብለሽ ነው የምትለዪው። ማነጻጸሪያ ግሩፕ ሳይኖራቸው መድሃኒቱ ሰራ ካሉ፣ ወይም ዋናውን መለኪያ ጨርሶ ካልለኩት ምንም ያህል ቢጽፉት አይድንም። አናሊስስ መድገም፣ የጎደለ ማብራሪያ መጨመር፣ ድምዳሜን ዝቅ ማድረግ ግን ሃያ ቦታ ቢኖርም ሪቪዥን ነው። አዲስ ኤክስፐርመንት ጨምሩ ከማለትሽ በፊት ደግሞ ድምዳሜያቸውን ዝቅ ቢያደርጉ ይበቃል ወይ ብለሽ አስቢ፣ አንዳንዱ ሪቪወር በአንድ መስመር የሚጽፈው ጥያቄ የሌላ ሰው የአንድ አመት ስራ ነው።

ግራመር አታርሚ፣ ስራሽ አይደለም። ትርጉሙ ሁለት ሊሆን የሚችልበትን ቦታ ብቻ መስመሩን ጠቅሰሽ ጠይቂ። "እንግሊዝኛው ደካማ ነው" ብሎ ማለፍ ሰውን ያሸማቅቃል እንጂ ምንም አያስተካክልም።

ሪፖርቱን ስትጽፊ መጀመሪያ ያችን ሁለት አረፍተ ነገር አስቀምጪ፣ ቀጥሎ ከባዶቹን፣ ከዛ ቀላሎቹን፣ ቁጥር ስጪያቸው መልስ ሲጽፉ እንዲቀላቸው። "ሜተዱ ግልጽ አይደለም" ብትያቸው ምን ያድርጉ? "ገጽ 6 ላይ ተሳታፊዎቹ በራንደም ተመረጡ ይላል፣ ከየትኛው ዝርዝር እንደተመረጡ ግን አልተጻፈም" ካልሻቸው ግን የሚሰሩትን ያውቃሉ። አክሰፕት ወይ ሪጀክት የሚለውን ለኤዲተሩ በተዘጋጀው ቦታ ብቻ ጻፊ። ለጸሐፊዎቹ አመስግነሽ ለኤዲተሩ በሚስጥር ማብጠልጠልም አይሆንም፣ ሁለቱ መጣጣም አለባቸው። የተቀዳ ጽሁፍ ወይ የተፈበረከ ዳታ ከጠረጠርሽ ግን ለኤዲተሩ ብቻ ንገሪ፣ ራስሽ አታጣሪ፣ ጸሐፊዎቹንም አትክሰሺ። የራስሽን ፔፐር ሳይት አድርጉ (ጥቀሱልኝ) ማለትም በእውነት ካላስፈለገ አይገባም።

ማኑስክሪፕቱን (የተላከልሽን ያልታተመ ፔፐር) ቻትጂፒቲ ወይ ሌላ ኤአይ ላይ እንዳታስገቢው። ያልታተመ የሰው ስራ ነው፣ በአደራ ነው የተሰጠሽ፣ ትልልቆቹ የጆርናል አሳታሚዎች ኤልሰቪየርም ስፕሪንገር ኔቸርም ሪቪወሮች ይሄን እንዳያደርጉ በፖሊሲያቸው ጽፈዋል። ለጓደኛ ማሳየትም ቢሆን ኤዲተሩን አስፈቅደሽ ነው።

ተስተካክሎ ሲመለስልሽ ያልሽው ተመልሷል ወይ የሚለውን እዪ፣ በመጀመሪያው ዙር ማየት ስትችይ ያላነሳሽውን አዲስ ጥያቄ አታምጪ፣ ከባድ ስህተት ካልሆነ በስተቀር። ያልተስማሙበት ኮሜንት ካለም ምክንያታቸውን አንብቢው፣ ካሳመነሽ "ተቀብያለሁ" ብለሽ ጻፊና እለፊ። ስለ ስታቲስቲክሱ የተለየ ጥያቄ ካለሽ ማኑስክሪፕቱን ሳትጠቅሺ እዚሁ ጻፊው፣ የምናውቀውን እንመልስልሻለን።