እጅጌውን የምትሠራው ልጄ ናት

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከረሙልኝ? አምድዎን የማነበው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ደስ ያለኝን ደግሞ በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ አነብላቸዋለሁ፤ እነሱም ይፈርዳሉ፣ አንዳንዴ እርስዎንም ይቃወማሉ። ይቺን ግን ለማንም አላሳየሁም።

የምኖረው ደሴ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 9 ዓመቷ፣ መካከለኛዋ 6፣ ትንሿ 3። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኑሮው ጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነ እኛ ጋ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። እኔ በእጄ ሹራብ እሠራለሁ፤ የሕፃናት ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ። ደሴን ያውቋታል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ የወረደ ቀን ሹራብ የማይፈልግ ሰው የለም።

ክሩን ብዙ ጊዜ የማገኘው ከልባሽ ተራ ነው። አሮጌ ሹራብ ገዝቼ እፈታዋለሁ። ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ሳይሆን ጎኑን ነው፤ በመኪና ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ሲፈታ በየመስመሩ እየተበጠሰ ቁርጥራጭ ብቻ ይተርፋል። ጠርዙ ያልተቆረጠውን ካገኘሁ ግን ክሩ ተከታትሎ ይመጣል። ፈትቼ፣ በወንበር ላይ ጠምጥሜ፣ አጥቤ፣ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥዬበት ሲደርቅ ያ ሁሉ ጥምዝምዙ ይለቃል። ይህን ሥራ ልጆቹ ይወዱታል። ትንሿ ዘንቢሉ ውስጥ ገብታ ካልተቀመጠች የተጀመረ አይመስላትም። መካከለኛዋ ቀለበቶቹን ጮክ ብላ ትቆጥርልኛለች፤ «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አሥር» ትልና የእኔንም ቁጥር ታጠፋብኛለች።

ትልቋ ግን ሌላ ናት። አላስተማርኳትም፤ አጠገቤ ተቀምጣ በዓይኗ ነው የወሰደችው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ወጥ ላማስል ተነስቼ ስመለስ እኔ ካቆምኩበት ቀጥላ ሁለት ሦስት መስመር ሠርታ ጠበቀችኝ። ወላሂ፣ እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ አልችልም ነበር። የልጅ እጅ ስለሆነ ክሩን ታጠብቀዋለች፤ እኔ በማወጣው የቀለበት ቁጥር ስትሠራ እጅጌው ይጠባል። ወፈር ያለ መርፌ ብሰጣት ተስተካከለ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ለመስከረም የሚደርስ ሠላሳ ሹራብ አዘዘኝ። ጥቁር ሰማያዊ፣ አንገቱ ሾል ያለ። ቀብድ ሰጡኝ፣ ቀለሙ አንድ መሆን ስላለበት ክሩን ከሱቅ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አግኝቼ ስለማላውቅ ይበዛብኛል ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው «ይሄን ልጨርስና» ብቻ ሆኗል። ሐይቅ ውሰጂን ሲሉኝ፣ ይሄን ልጨርስና። ተረት ንገሪን ሲሉኝ፣ ይሄን ልጨርስና። እሑድ እሑድ ጸጉራቸውን የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ጎረቤቴ ትሠራላቸዋለች። አንድ ማታ ትልቋ መጣችና «እማ፣ እጅጌ እጅጌውን እኔ ልሥራልሽ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው እጅጌውን የምትሠራው እሷ ናት።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል መምህሯ አስጠርተውኝ «ክፍል ውስጥ ከዴስክ ሥር ሹራብ ስትሠራ አገኘኋት» አሉኝ። ደረጃዋም ወርዷል። ባለቤቴ ሲሰማ በስልክ «ልጄን የፋብሪካ ሠራተኛ አደረግሻት?» ብሎ ተቆጣ። አማቴ ደግሞ «ተዪያት፣ እኔ በእሷ ዕድሜ እንዝርት ይዤ ነበር፤ ሙያ ያላት ሴት ጦም አታድርም» ይላሉ። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። መርፌውን አስቀምጪ ስላት ታለቅሳለች። «እኔ ካልረዳሁሽ መቼ ትጨርሻለሽ?» ትለኛለች።

ልቀማት ወይስ ልተዋት? ይፍረዱኝ።

የሦስት ሴቶች እናት
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ



ምላሽ

እህቴ፣ አብሽሪ። መርፌውን አትቀሚያት። እጅጌውን ግን ዛሬውኑ ተቀበያት።

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ክርክርም አንድ አድርጎ ስለያዛቸው ነው የማያልቀው። ከአማትሽ ልጀምር፤ እሳቸው የሚናገሩት የሚያውቁትን ነው። በወሎ ደጋ የበጉን ጸጉር ፈትላ ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምታዘጋጀው ሴት ናት፤ ቆላውም ወይና ደጋውም ጥጥ ሲፈትል ኖሯል፤ እንዝርት ያልያዘች ልጃገረድ ብርቅ ነበረች። ነገር ግን እስቲ ቡና ሲጠጡ ጠይቂያቸው፤ ያኔ ምን ፈተሉ? እኔን አያቴ እንዝርት ያስያዘችኝ በተራረፈ ባዘቶ ነበር። የእኔ ፈትል እዚህ ጋ አባብጦ እዚያ ጋ ቀጥኖ ሲበጠስ እየሳቀች ትቀጥለዋለች እንጂ ለቀሚስ ወደተዘጋጀው ድውር አታስጠጋኝም። ለሸማኔ የሚሰጠው የትልልቆቹ ፈትል ነው። በዚያ ዘመንም ቢሆን ልጅ የምትለምድበትና ቤቱ የሚተዳደርበት ለየብቻ ይቀመጥ ነበር። ቢያንስ በእኛ ቤት እንዲህ ነበር።

ባለቤትሽም አልተሳሳተም፤ አነጋገሩ ግን ከሩቅ የሚፈርድ ሰው አነጋገር ነው። ሕጉን ካነሳን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። አንቺ ቀጣሪ አይደለሽም፤ እናት ነሽ፤ ይህ አዋጅ ያንቺን ሳሎን ለመፈተሽ አልወጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ግን ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውን ወይም ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ሲል እናት ከሆነች ይለፋት አይልም። ከዴስክ ሥር የወጣችው እጅጌ እዚህ ውስጥ ትገባለች። የመስከረም ቀን የተቆረጠለት፣ ቀብድ የተበላበት እጅጌ ስለሆነች ነው ክፍል ድረስ የተከተለቻት። ለአሻንጉሊቷ የምትሠራው ኮፍያ ቢሆን ኖሮ እረፍት እስኪደወል ቦርሳዋ ውስጥ ይቆይ ነበር።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ጥሩ እጅ ያላት ሴት የአንድ የ5 ዓመት ልጅ ሹራብ ከነመገጣጠሙ ለመጨረስ፣ ክሩ ወፈር ያለ ቢሆን እንኳ፣ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። አንቺ ፈጣን ብትሆኚም ለአማካይ 20 ይሁን። 30 ሹራብ 600 ሰዓት ነው። ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉውን ብትይዥ 90 ቀን፤ በቀን ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ። አንድ ቀን ሳታርፊ፣ አንዲት ልጅ ሳትታመም፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ለቅሶ ሳይኖር። እንጀራው፣ ልብሱ፣ የ3 ዓመቷ ልጅ ከዚህ ውጭ ነው። ትዕዛዙን የተቀበልሽው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁለት ሰው ነበር ማለት ነው፤ ሁለተኛዋ ሰው ሳትጠሪያት መጣች፣ 9 ዓመቷ ነው።

ደግሞ ለምን መጣች? ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ሐይቅ፣ ተረቱ፣ የእሑዱ ጸጉር፣ ሁሉም «ይሄን ልጨርስና» ላይ ቆመዋል። ልጅቷ ሰማችሽ፤ ቃልሽንም አመነች። ሹራቡ ካለቀ እማ ትመለሳለች፤ ስለዚህ ሹራቡ ቶሎ ይለቅ። «እኔ ካልረዳሁሽ መቼ ትጨርሻለሽ?» ያለችሽ ለሙያ ፍቅር ብቻ አይመስለኝም። ጎበዝ ናት፣ መርፌውንም ትወደዋለች፣ እሱን አልክድም። እያጣደፋት ያለው ግን ሌላ ነው፤ መርፌውን ብትቀሚያትም እሱ አይለቃትም። እንዲያውም አጠገብሽ የምትቀመጥበት ምክንያት ይጠፋባታል።

ስለዚህ ትዕዛዙን እንቀንሰው። ወደ ትምህርት ቤቱ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ፤ ነሐሴ ካለቀ በኋላ የሚነገር ነገር አይደለም። ለመስከረም መክፈቻ ይህን ያህል አደርሳለሁ፣ የቀረውን በጥቅምት በያቸው። የደሴ ብርድ ደግሞ መስከረም ላይ አያልቅም፤ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ነው ጠዋት ጠዋት ሹራብ የሚያስመኘው። ይህን እነሱም ያውቁታል። እምቢ ካሉ ደግሞ ሰው ፈልጊ፤ ከቡና ጎረቤቶችሽ መሐል መርፌ የምትይዝ አንዲት ሴት አትጠፋም። ነገር ግን እጅጌ ብቻ አትስጫት። አንቺው እንዳየሽው የሁለት ሰው እጅ አይገጥምም፤ አንዷ ታጠብቃለች፣ አንዷ ታላላለች፣ ሲገጣጠም አንዱ ጎን ይጎተታል። ሙሉ ሹራብ ትያዝ። ከዚያ በፊት ሁለታችሁም 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ሥሩና ቀለበቱን ቁጠሩት፤ ካልተካከለ ቀለበት ከመጨመርሽ በፊት መርፌዋን ቀይሪላት። ለልጅሽ ያደረግሽው ትክክል ነበር፤ ያንኑ ነው ለጎረቤትሽ የምታደርጊው። የምትከፍያት ከትርፍሽ ይሄዳል፤ ይሂድ። ለሚቀጥለው ዓመት ስትዋዋዪ ዋጋውን ከክሩ ሳይሆን ከሰዓቱ ጀምረሽ አስቢው፤ የእጅ ሥራ የሚሸጡ እናቶች ዘወትር የክሩን ዋጋ ያውቃሉ፣ የራሳቸውን አያውቁም። ይህን ስጽፍ ትንሽ ተናድጃለሁ፤ ባንቺ አይደለም።

እሑድ መርፌ አይነካ። ጸጉራቸውን አንቺው ሥሪላቸው፤ መካከለኛዋ ሹሩባውን ትቁጠርልሽ፣ ሃያ አሥርም ብትል ማንም አይጎዳም።

ትልቋ የራሷ ዘንቢል ይኑራት። ከልባሽ ከፈታሽው ክር የወደደችውን ቀለም ትምረጥ፤ አጠር ያለ መርፌ ስጫትና ለትንሿ እህቷ የፈለገችውን ትሥራላት። ቢጣመም አትፍቺው፣ አታርሚው፤ ካልጠየቀችሽ አትናገሪ። ቀን አይቆረጥለት፤ ማታ በሻማ አይሠራ፤ መስከረም ሲብት ዘንቢሉ ቤት ይቅር። ለመምህሯም ራስሽ ሄደሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ከልጅቷ አፍ ይልቅ ካንቺ ቢሰሙት ደግ ነው።

ለአባትየውም ሥራ አለኝ። ሲመጣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ ልጆቹ የታጠበውን ክር ከእጁ ላይ እየመለሱ ይጠቅልሉት። በአገራችን ሸማኔው ወንድ ነው፤ ክር መንካት አያዋርደውም። የፋብሪካውንም ነገር ያኔ ይጫወቱበታል።

የቀረችው አንዲት ነገር እስካሁን የሠራቻቸው እጅጌዎች ናቸው። አትፍቺባት፤ ከሹራቦቹ ጋር ይሂዱ። ትምህርት ቤቱ የቀረውን ገንዘብ ሲከፍልሽ የእሷን ድርሻ በሰዓት አስበሽ፣ ለጎረቤትሽ በምትከፍይበት ዋጋ ቆጥረሽ ስጫትና ይህን ሒሳብ ዝጊው። በብሩ ምን እንደምትገዛበት ራሷ ትምረጥ፤ ደብተር ግዢበት አትበያት።