አንፊልድ በአርሰናል ማልያ ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከባህር ዳር ቀበሌ 14 ነኝ፣ እንግሊዝ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነውና አርሰናል በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ሲጫወት ማየት እፈልጋለሁ፣ ከሊቨርፑል ደጋፊ መሃል ትኬት ብገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድማችን እንደዛ እንዳታደርግ! በባለሜዳው መሃል የእንግዳ ማልያ ለብሰህ ከተገኘህ ሊያስወጡህ ይችላሉ። የእንግዳ ትኬት የሚሸጠው በአርሰናል በኩል ነው፣ ቅድሚያ ለአባላት ስለሆነ ወንድምህ አባል ከሆነ ካሁኑ ይጠይቅልህ፣ ዋጋው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለእንግዳ ደጋፊ ከ30 ፓውንድ አይበልጥም። ቦታችሁ አንፊልድ ሮድ በሚባለው የሜዳው ጫፍ በኩል ነው፣ ከፊት ለፊት ኮፕ የሚባለው የሊቨርፑል ደጋፊዎች መቀመጫ አለ፣ ብቻ ቀደም ብለህ ግባ፣ ያ ሁሉ ሰው ስካርፉን ዘርግቶ ሲዘምር የጣና ሞገዶቹ (የባህር ዳር ከነማ) ደጋፊ በኛ ስታዲየም ሲጨፍር እንደሚሰማህ ነው የሚሰማህ፣ ተቃራኒ ብትሆንም ይነዝርሃል። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲከፈት የሊቨርፑል ተቀናቃኝ የኤቨርተን ነበር፣ ይገርማል አይደል?