ጥያቄና መልስ፦ «ልጄ ከቤት ይውጣ ወይ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ17 ዓመት ልጄ ወደ ወንዶች እንደሚሳብ ነገረኝ። አባቱ «ካልተወው ከቤቴ ይውጣ» ብሏል። ዘመዶች አገር ቤት ላኪው፣ ጠበል ይግባ ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ይህን ለእርስዎ መንገሩን ቀላል ነገር አያድርጉት። በወላጁ ፊት እየሳቀ ውስጥ ውስጡን የሚያልቅ ስንት አለ።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን ያውቁታል፤ አልደግመውም። የጠየቁኝ ስለ ልጅዎ ነው። ባለቤትዎ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ያነሡ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ አባት «ይሂድ፣ ሲርበው ይመለሳል» ብዬ መክሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሉቃስ 15ን አስተውለው ያንብቡት፦ ልጁ ድርሻውን ተቀብሎ በገዛ ፈቃዱ ሄደ እንጂ አባቱ አላባረረውም። ገና ሩቅ ሳለም ያየው አባቱ ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንደ ልጅዎ ያሉ 224 ወጣቶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው፣ እምብዛም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት ዕድል ከ8 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከባድ ድብርቱም ወደ 6 እጥፍ ይጠጋል። ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥21 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ ሲያዝ ምክንያቱን «ልባቸው እንዳይዝል» ብሎ ነው የሰጠው። የዛለ ልብ ምን እንደሚያደርስ ቁጥሩ ይነግረናል።

አገር ቤት መላኩን ይተዉት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል፤ ወሬው ከቀደመው ደግሞ ልጁን ከሕጉ በፊት ሰፈሩ ይቀጣዋል። ጠበል በረከት ነው፤ ተጎትቶ የሚገባበት ልጅ ግን የሚማረው ጠበሉን መፍራት ነው።

ዛሬ ማታ አብራችሁ ብሉ። «ልጄ ነህ፣ የትም አትሄድም» ይበሉት፤ ሌላው ንግግር ይደርሳል። ከማኅበር እኅቶችዎ ለአንዷም እንኳ አይንገሩ፤ ምስጢሩ የእርሱ ነው። መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ ሳይውሉ ሳያድሩ 988 ይደውሉ፤ በዚያ አገር ቀንም ሌሊትም የሚያነሣ ሰው አለ። ባለቤትዎን ደግሞ ፈቃዳቸው ከሆነ ከእኔ ጋር ያገናኙኝ፤ ያንን ስሕተቴን ራሴ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።