ጦም ያደረ ማሳ ስታዩ
ለወጣት የግብርና ባለሙያዎች

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደየወረዳው ለምትመደቡ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ በዚህ ሙያ ሸብቻለሁ። ምክር ስጠን ስትሉኝ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የምነግራችሁ መስሏችሁ ይሆናል፤ እሱን ከመጽሐፍም ከገበሬውም ታገኙታላችሁ። እኔ የማነሣላችሁ የድጎማን ነገር ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ነገ ገንዘቡ ለማንና በምን ስሌት ይሰጥ የሚለውን ትወስናላችሁ፤ ስሌቱ ደግሞ የአገርን መልክ ይቀይራል።

አውሮፓውያንን ተመልከቱ። የጋራ የግብርና ፖሊሲያቸውን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀምሩ የጦርነት ዘመን ረሃብን ያልረሳ ትውልድ ነበርና ሐሳባቸው ምርት ማብዛት ነበር። የምርቱን ዋጋ ደገፉ፤ ገበሬው አመረተ፤ የማይሸጥ ቅቤ መጋዘን ሞላ። በ1992 ድጋፉን ከዋጋ ወደ ሄክታር አዞሩት፤ ያውም ከማሳው ከፊሉ ሳይታረስ እንዲያድር ግድ አሉ። በ2003 ደግሞ ክፍያውን ከምርት ለመነጠል ወሰኑ፤ መሬቱን በደህና ሁኔታ የያዘ ሰው ባያመርትም ይከፈለው ጀመር። ሣሩን በዓመት አንዴ አጭዶ ገንዘቡን መቀበል የሚበቃው ባለመሬት በዚህ መንገድ መጣ።

በሄክታር ሲከፈል ብዙ ሄክታር ያለው ብዙ ይወስዳል። ከቀጥታ ክፍያው 80 በመቶ ያህሉ ለ20 በመቶ ተቀባዮች ይደርሳል እየተባለ ሲወቀስ የኖረው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ያለው ትልቅ እርሻ ሰፋ፤ ዳገት ላይ የድንጋይ እርከን ይጠግን የነበረው ገበሬ ልጆቹ ከተማ ገቡበት። እርግጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለተራራማ አካባቢዎች የተለየ ክፍያ ነበር፣ ሰው ቀዬውን ጥሎ እንዳይሄድ። በብዙ ቦታ ከብቱን አቆየ፤ ወጣቱን ማቆየት ግን ከበደው። የመሬት ኪራይም ክፍያውን ተከትሎ ስለሚወደድ፣ መሬት ሳይኖረው ልረስ ብሎ የሚመጣ ወጣት ደጅ ላይ ይቀራል።

ሰው የለቀቀው መሬት ደግሞ ባዶ አይቀመጥም። በፖርቱጋል መሐል አገር ቁጥቋጦ፣ ጥድና ባህር ዛፍ ወረሰው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ፔድሮጋው ግራንዴ አካባቢ የተነሣው እሳት ከ60 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሙቀቱና ነፋሱ ብርቱ ነበሩ፤ ነገር ግን የሚያርስና ከብት የሚያሰማራ ሰው ስለጠፋ እሳቱን የሚገታ የታረሰ ወይም የተጋጠ መሬትም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ጦም ያደረ መሬት ሁሉ ጉዳት ነው እንዳትሉ። ኒውዚላንድ ለበጎች ትደጉም በነበረበት ጊዜ መታረስም መጋጥም የማይገባው ተረተር ሁሉ ተመንጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የበጎቹ ቁጥር 70 ሚሊዮን ደረሰ። ከ1984 ጀምሮ ድጎማው ሲነሣ ቁጥሩ ወረደ፣ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በታች ነው፤ አንዳንዱ ገደላማ ቦታም ወደ ጫካነቱ ተመለሰ። እኔ ለዚያ መሬት አላዝንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጅማ ላይ መሬት ጠበበ እንጂ ተረፈ ሲባል አትሰሙም። ቢሆንም በጌራ የጫካ ዳር ሂዱና ጠይቁ። በቆሎውን ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከጫካ አሳማ መጠበቅ አለ። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ (መግባታቸው ደግ ነው) ማማ ላይ የሚውል ይጠፋል። ስለዚህ ከቤት የራቀው ማሳ ቀድሞ ይተዋል። ያኔ አውሬው ሁሉ በሚቀጥለው ጎረቤት ላይ ይወድቃል፤ እሱም በተራው ይሰለቻል። ይህን ጥበቃ ማን ከወጪ ቆጥሮት ያውቃል?

ቡናችንም እንዲሁ ነው። የማዳበሪያ ድጎማ በኩንታል ነው የሚሰላው፤ ለበቆሎና ለስንዴ ይደርሳል። በሰሳ፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ያለው የጫካ ቡና ማዳበሪያ ስለማይገባበት ከዚያ ገንዘብ የሚደርሰው የለም። ጉልበት ግን ይበላል፤ በየዓመቱ ከሥሩ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ካልተመነጠረ ለቀማው ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1989 አገሮች ለገበያ የሚያወጡትን መጠን ይወስን የነበረው የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ፈርሶ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ምንም መደገፊያ አልነበረውም። ዋጋ በወደቀ ቁጥር ጫትና ባህር ዛፍ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ባህር ዛፍን እንደ ሙያ ጓደኞቼ አልጠላውም፤ ቤት ይሠራል፣ በችግር ቀን ይሸጣል። የማልወደው ጥላው ተቆርጦ ቡናው ሲነቀል ድጎማ ሰጪው ከነጭራሹ አለማየቱን ነው።

እንግዲህ እቅድ አዘጋጁ ስትባሉ የአውሮፓውን በሄክታር ክፍያ ገልብጣችሁ አታምጡ። እዚህ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም፤ የይዞታ ደብተሩ ብዙ ጊዜ በአባት ስም ነው፤ የሚያርሰው ግን ልጅ ወይም የእኩል አራሽ ሊሆን ይችላል። ክፍያው ደብተር ከተከተለ ላቡን ያፈሰሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ክፍያውን ከሥራው ጋር እሰሩት፦ ከተመነጠረው፣ ከቆመው የጥላ ዛፍ፣ ከተጠገነው እርከን፣ ከተጠበቀው ማሳ ጋር። ስም ዝርዝሩንም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጣችሁ አትሙሉት። በምንጠራ ወቅት ማሳው ድረስ ሂዱና ገጀራ የያዘውን ሰው ስሙን ጠይቁት፣ ሚስቱንም ጭምር።