ከማሻሻያው በኋላ ሰርቨሩ አልነሳ አለ፤ ፎርማት ላድርገው?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የታካሚዎች ካርድና የላቦራቶሪ ውጤት የሚመዘገብበት ሰርቨራችን ኡቡንቱ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እትም 20.04 ሲሠራ ቆይቶ፣ የዚህ እትም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ስላበቃ ወደ 22.04 ላሻሽለው ወሰንኩ። ቅዳሜ ማታ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ጀመርኩ። ወደ መጨረሻው ላይ ቦታ እንደሌለ የሚገልጽ መስመር በፍጥነት ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ሥራው የቀጠለ ስለመሰለኝ ግን ሲያበቃ ሪስታርት አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ አልነሳም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ከርነል ፓኒክ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ በመስመሩ መጨረሻም «አንኖውን ብሎክ (0,0)» ይላል። አንድ ጓደኛዬ ዲስኩ ስለተበላሸ ፎርማት አድርገህ አዲስ ጫን ብሎኛል። የመጨረሻው ባክአፓችን ደግሞ ሦስት ወር አልፎታል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እባክዎ ፎርማት አያድርጉ። ዲስኩ ተበላሽቷል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ በደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘንም፤ የጠቀሱት መልእክት እንዲያውም ወደ ሌላ ምክንያት ይመራል። «ከርነል ፓኒክ» የሚለውን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ያወጣው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ራሱ ነው፤ ከርነሉ ደግሞ የተነበበው ተበላሽቷል ከተባለው ከዚያው ዲስክ ነው።

በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ሁለት ዜሮዎች ልብ ብለው ይመልከቱ። ከርነሉ ዲስኩን አግኝቶ በውስጡ ያለውን ፋይል ሲስተም ማንበብ ቢያቅተው ኖሮ፣ በዜሮዎቹ ምትክ እንደ (8,2) ያለ የዲስኩንና የፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) መለያ ቁጥር ያሳይ ነበር። (0,0) ማለት ከርነሉ ሩት ፋይል ሲስተሙ (የሲስተሙ ዋና የፋይሎች ማከማቻ) ያለበትን ዲስክ ጨርሶ አላየውም ማለት ነው። ይህ በአብዛኛው የሚሆነው ኢኒትርድ የሚባለው ፋይል ሲጎድል ነው። ግራብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ሰርቨሩን ሲያስነሳ፣ ለማስነሻ ፋይሎች ከተለየው ቡት ፓርቲሽን ሁለት ፋይሎችን ወደ ሜሞሪ ይጭናል፤ አንዱ ከርነሉ ሲሆን ሁለተኛው ዲስኩን ለመክፈት የሚያስፈልጉ ድራይቨሮችን የያዘው ኢኒትርድ ነው። ሁለተኛው ከሌለ ከርነሉ ቁልፍ ሳይዝ በር ላይ እንደደረሰ ሰው ይቆማል።

ቅዳሜ ማታ በፍጥነት ያለፈው መስመር ምክንያቱን ሳይነግርዎ አልቀረም። ከብዙ ዓመት በፊት የተጫኑ ሰርቨሮች የቡት ፓርቲሽናቸው ጠባብ ነው፤ አሮጌ ከርነሎች ሳይጠፉ ሲደራረቡ ደግሞ ይሞላል። ከ22.04 ጋር የመጣው 5.15 ከርነል ትንሽ ፋይል ስለሆነ ገብቷል፤ ኢኒትርዱ ግን ከእሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ ቦታ አጥቶ ሳይጻፍ ቀርቷል። ግራብም ያገኘውን ከርነል ያለ ኢኒትርድ በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ ቀዳሚ ምርጫ አድርጎታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው አሮጌው ከርነል ነው። ሰርቨሩ በአሮጌው ባዮስ (የማዘርቦርዱ አስነሺ ፕሮግራም) የሚሠራ ከሆነ ሲበራ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ በእሱ ምትክ የመጣው ዩኢኤፍአይ ከሆነ የአምራቹ ምልክት ታይቶ እንደጠፋ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ። ደጋግመው ከተጫኑት ዝርዝሩን አልፎ «ግራብ» የሚል ቃል ብቻ ወዳለበት ባዶ ስክሪን ይወስድዎታል፤ ይህ ቢገጥምዎ አዲስ ችግር አይደለምና አጥፍተው እንደገና ያስነሱት። ዝርዝሩ ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍተው በ5.4 የሚጀምረውን ከርነል ይምረጡ። የቀድሞው ኢኒትርድ በቦታው ካለ ሰርቨሩ ይነሳል።

ሲነሳ ወዲያው ወደ ጥገናው አይሂዱ። የታካሚዎቹ የሦስት ወር መረጃ ያለው በዚህ ማሽን ላይ ብቻ ስለሆነ ቀዳሚው ሥራ እሱን ወደ ውጫዊ ዲስክ ማውጣት ነው። ዳታቤዙ እየሠራ ሳለ ፋይሎቹን እንዲሁ መቅዳት የተዛባ ቅጂ ስለሚያስገኝ፣ በዳታቤዙ በራሱ የዳምፕ (ሙሉ ቅጂ ማውጫ) ትእዛዝ ያውጡት፤ አገልግሎቱ አልነሳ ካለ ደግሞ መቆሙን አረጋግጠው ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ይቅዱ። ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሳያዩ ተቀድቷል አይበሉ።

ከዚያ በ«ዲኤፍ» ትእዛዝ የቡት ፓርቲሽኑ ምን ያህል እንደሞላ ይመልከቱ። መቶ በመቶ ከሆነ አሮጌ ከርነሎችን «አፕት» በተባለው የፓኬጅ ማስተዳደሪያ ማስወገድ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ነገር ግን ያልተጠናቀቀው ማሻሻያ መንገድ ስለሚዘጋበት «አፕት» ራሱ እምቢ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ አሁን ከተነሱበት ከርነል ውጭ ካሉት አሮጌዎች የአንዱን ኢኒትርድ ሳያጠፉ ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውሩና ቦታ ይክፈቱ። ከዚያ ፓኬጆችን የሚጭነው «ዲፒኬጂ» የተንጠለጠሉትን ሁሉ ኮንፊገር አድርጎ እንዲጨርስ ይዘዙት፤ «አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ» በሚለው ትእዛዝ ለ5.15 አዲስ ኢኒትርድ ይሥሩ፤ በመጨረሻም የግራብን ዝርዝር ያድሱ። ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ኢኒትርዱ በቡት ፎልደር ውስጥ መኖሩንና መጠኑ ከአሮጌው ኢኒትርድ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። መብራት መሐል ላይ እንዳይቋረጥብዎ ሰርቨሩ ከዩፒኤስ ጋር ይያያዝ።

አሮጌው ከርነልም ካልነሳ በፍላሽ የተጫነ ኡቡንቱ ያስፈልግዎታል። ከፍላሹ ተነስተው የሰርቨሩን ሩት ፓርቲሽን በመጀመሪያ ለንባብ ብቻ አድርገው ማውንት ያድርጉና (ፋይሎቹ እንዲታዩ ያያይዙትና) ዳታቤዙን ይቅዱ፤ ዲስኩ በኤልቪኤም (ዲስክን በሶፍትዌር የሚከፋፍል ዘዴ) የተከፈለ ከሆነ ከማውንቱ በፊት ቮሊውም ግሩፑን፣ ማለትም ክፍልፋዮቹን የያዘውን ስብስብ፣ ማንቃት አለብዎት። ከቅጂው በኋላ እንዲጻፍበት አድርገው እንደገና ማውንት ያድርጉት፤ «ዴቭ»፣ «ፕሮክ»፣ «ሲስ» እና «ረን» የተባሉትን ፎልደሮች አያይዘው በ«ሲኤችሩት» ትእዛዝ ወደ ሰርቨሩ ሲስተም ይግቡና ከላይ ያለውን ጥገና ያከናውኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቅዎታለሁ፤ የቡት ፓርቲሽኑን ለብቻው በቦታው ማውንት ማድረግ እንዳይረሱ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ይህን ረስቼ አዲሱ ኢኒትርድ በሩት ፓርቲሽኑ ላይ ባለው ባዶ የቡት ፎልደር ውስጥ ተጻፈ። ትእዛዙ አንድም ስሕተት ሳያሳይ ተጠናቀቀ፤ ሰርቨሩ ግን ያንኑ (0,0) እየመለሰ ሌሊቱን አነጋን።

የሚታየው መልእክት ሌላ ቢሆን ኖሮ መልሳችንም ይለይ ነበር። «ኢመርጀንሲ ሞድ» የሚል ከሆነ ከርነሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ሲነሳ ማውንት የሚደረጉ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት «ኤፍስታብ» በተባለው ፋይል ውስጥ የተመዘገበ፣ አሁን ግን የማይገኝ ዲስክ ነው።

ሰርቨሩ በአዲሱ ከርነል ከተነሳ በኋላ ሲስተሙ የማያስፈልጉ ፓኬጆችን ላስወግድ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ ዝርዝሩን ሳያነቡ አይስማሙ። ዳታቤዝዎ ፖስትግሬስኪውኤል ከሆነ ከ20.04 ጋር የመጣው እትም 12፣ ከ22.04 ጋር የሚመጣው ደግሞ 14 ነው፤ ማሻሻያው 14ን ባዶውን አጠገቡ ይተክለዋል እንጂ መረጃውን ወደ እሱ አያዛውርም። የታካሚዎቹ መረጃ ወደ 14 ተዛውሮ ሐኪሞቹም በየክፍላቸው ካርድ ከፍተው እስኪያረጋግጡ ድረስ እትም 12 ከነፋይሎቹ ባለበት ይቆይ።