80 ቀኑ ሳይደርስ ትኬትሽን ቁረጪ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው ሙኒክ ነው። እህቴ ባለፈው ሳምንት ኮሎኝ ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። ለክርስትናው የ11 እና የ5 ዓመት ልጆቼን ይዤ በፈጣኑ ባቡር፣ በአይሲኢ፣ መሄድ አስቤያለሁ። ባለቤቴ «ቆይ፣ ሲቃረብ ይረክስ ይሆናል» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሙኒክ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችልሽ!

ከባለቤትሽ ጋር በዚህ አልስማማም። የጀርመን ባቡር ድርጅት፣ ዶይቸ ባን፣ በየባቡሩ ላይ በቅናሽ የሚሸጠው ትኬት ቁጥሩ የተወሰነ ነው። እሱ ሲያልቅ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ደግሞ አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ስለሆነ ቀኑን ከአሁኑ ቆጥረሽ ታውቂዋለሽ። ከእህትሽ ጋር አረጋግጪና ያኔውኑ ቁረጪ።

ስልክሽ ላይ የባቡሩን መተግበሪያ ስትከፍቺ «ቤስትፕራይስ» የሚለውን ንኪ፤ የቀኑን ርካሽ ሰዓቶች ለይቶ ያሳይሻል። ዓርብና እሁድ ከሰዓት ውድ ነው። ክርስትናው እሁድ ማለዳ ከሆነ ቅዳሜ ረፋድ ተነሺ፤ መንገዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። የ5 ዓመቱ ልጅ ትኬት አያስፈልገውም። የ11 ዓመቱም ካንቺ ጋር በነፃ ይሄዳል፤ ግን ትኬቱን ስትገዢ እሱንም ማስመዝገብ እንዳትረሺ። መቀመጫ መያዝ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ከልጆች ጋር ግን ገንዘቡ አይቆጭሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ መመለሻው። ርካሾቹ ትኬቶች፣ ሱፐር ሽፓርፕራይስም ሆነ ሽፓርፕራይስ፣ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰሩ ናቸው። ባቡሩ አመለጠሽ ማለት ትኬቱ ወደቀ ማለት ነው። እኔ ሽቱትጋርት ለክርስትና ሄጄ ከሰዓት በኋላ በ16፡00 የሚነሳ ባቡር ይዤ ነበር። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ቀረበ፤ ቦርሳዬን ሳነሳ የሕፃኗ አያት እጄን ይዘው «በረካውን ሳትጠጪማ አትሄጂም» አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ጣቢያ ስደርስ ባቡሩ ሄዷል፣ እዚያው በሙሉ ዋጋ ሌላ ቆረጥኩ። ስለዚህ እሁድ የመጨረሻውን ምቹ የማታ ባቡር ያዢ፣ ሰዓቱንም ለእህትሽ ቀድመሽ ንገሪያት፤ ቡናው በጊዜ ይፈላል።

ባቡሩ ራሱ ከዘገየና መድረሻሽ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ እንደሚያዘገይሽ ከታወቀ ግን እስሩ ይፈታል፤ በሌላ ባቡር መሄድ ትችያለሽ። 60 ደቂቃ ከዘገየ ከዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ከሞላ 50 በመቶ ይመለስልሻል፤ ሳትጠይቂ እንዳትቀሪ።

እህትሽን በተደጋጋሚ የምትጠይቂያት ከሆነ ባንካርድ 25 የሚባለው የባቡሩ የቅናሽ ካርድ ከቅናሽ ትኬቱም ላይ ሌላ 25 በመቶ ይቀንስልሻል። ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመሽ በጽሑፍ ካልሰረዝሽው ግን በራሱ ይታደሳል። ዶይችላንድቲኬት፣ ማለትም ለከተማና ለአካባቢ ባቡሮች የሚያገለግለው የወር ትኬት፣ ካለሽ አይሲኢ ላይ አይሠራም፤ ይህን ሳያውቁ ተሳፍረው የተቀጡ አውቃለሁ።

ለአራሷ ቅቤና በርበሬ መውሰድሽ አይቀርም። እንደ አውሮፕላን ኪሎ የሚመዝንብሽ የለም፤ ቅቤውን ብቻ በሁለት ፌስታል ጠቅልለሽ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጊው።