ኦልድስሞቢሏን ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። ዲሲ የገባሁት በፈረንጆቹ 1990 ነው። ዓመት ሳይሞላኝ የገዛኋት የመጀመሪያ መኪናዬ የ84 ኦልድስሞቢል ከትላስ ሱፕሪም ነበረች፣ ቡኒ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣራዋ ነጭ ቪኒል የለበሰ፣ ከአንድ ታክሲ ነጂ ወዳጃችን በ900 ዶላር። ስንት አዲስ ገቢ ዘመድ ከደለስ ኤርፖርት ተቀብዬባታለሁ፣ ባለቤቴንም ጭምር። በ96 አንድ ጠዋት አልነሳ ስትለኝ ለዚህ ሀገር ቁራሌው በ150 ሸጥኳት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሰሞኑን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የ85ቱን፣ ቁርጥ የኔኑ፣ ቀለሟ ሳይቀር፣ በ9,500 ልሽጥ ይላል። ባለቤቴ «ያኔ ቸግሮህ የነዳሃትን አሁን ከፍለህ ልትሰቃይባት?» ትለኛለች። ልግዛት ጋሼ?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ በዛን ዘመን የምነዳው ካፕሪስ ነበር፣ ግን ካፕሪስም ኦልድስሞቢልም የጂኤም (የጄኔራል ሞተርስ) ልጆች ስለሆኑ አመላቸው አንድ ነው። ሁለት ቁልፍ ነበራት አይደል፣ አራት ማዕዘኑ ለሞተር፣ ክቧ ለበርና ለትራንክ፣ በጨለማ በጣትህ ዳብሰህ ትለያቸዋለህ። የጣራው ጨርቅ ደግሞ ይላቀቅና ጭንቅላትህ ላይ ይወርዳል፣ እኔ በፑሽ ፒን ወጥሬው ከኋላ የሚቀመጥ ሁሉ ኮከብ ቆጠርን እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያንተዋ ሁለት በር ስለሆነች በሯ ረጅምና ከባድ ነው፣ ማጠፊያው ይበላና ካላነሱት አይዘጋም፣ እንግዳ ሰው ሲወርድ ሁላችንም በአንድ አፍ «አንሳው! አንሳው!» ነበር የምንለው።

ለምን ሁሉም ሐበሻ እጅ እንደገባች ልንገርህ፣ ከትላስ በ1976 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የተሸጠ መኪና ነበር፣ ከዛም በኋላ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር እኛ ስንመጣ አሮጌው በሽ በሽ ነው። ኦልድስሞቢል ራሱ በ1897 ተጀምሮ በ2004 ተዘግቷል፣ ስለዚህ ዲለር ሄጄ እቃ አዛለሁ ብለህ እንዳታስብ። ግን ሻንሲዋ ከሞንቴ ካርሎና ከቢዊክ ሪጋል ጋር አንድ ስለሆነ የፍሬንና የመሪ እቃ አታጣም፣ የሚያስለቅስህ የውስጥ ፕላስቲኩና ጌጣጌጡ ነው።

አሁን ወደ ገንዘብህ እንምጣ። ያ የናፈቀህ ነጭ ቪኒል ነው ዋናው ጠላትህ። ከስሩ ውሃ ይይዛል፣ ከላይ ንጹህ መስሎ ላሜራው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ በተለይ የኋላው መስታወት ዙሪያ። አውራ ጣትህን ጫን ጫን እያደረግክ ዙረው፣ እንደ ድርቆሽ ኮሽ ካለብህ አመስግነህ ወደ ቤትህ። ከዛ የትራንኩን ምንጣፍ ገልብጠህ ወለሉን እይ፣ ከስር ገብተህ ደግሞ ከኋላ ጎማ ጀርባ ያለውን ሻንሲ፣ የክረምቱ ጨው የሚበላው እሱን ነው። ስሯ ደረቅ የሆነች ሰማያዊ ብታገኝ ከዚህች ቡኒ ትሻልሃለች፣ ቀለም ይቀባል እኮ፣ ግን እንደማይህ አንተን የያዘህ ቡኒው ነው።

የመኪናዋን መታወቂያ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ በመስታወቱ በኩል አንብብ፣ 8ኛዋ ምልክት ዋይ (Y) ከሆነች 5 ሊትሩ ቪ8 ነው፣ ቀርፋፋ ግን በቀላሉ የማይሞት። ኤን (N) ከሆነች ናፍጣው ነው፣ ሩጥ! የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎኖች ለናፍጣ ግፊት የሚበቁ አልነበሩም፣ ውሃ የሚለይ ማጣሪያም አልሰሩለትም፣ ስንቱን ሰው አክስሯል።

ሰውዬው ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅህ ደግሞ፣ ስትደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ንካው። ቀዝቃዛ ከሆነ ነዳጁን አንዴ እስከ ታች ረግጠህ ልቀቅና ቁልፉን አዙር፣ አንዴ ብቻ። ካርቡሬተር ነው፣ ደጋግመህ ከረገጥከው ቤንዚን ይበዛበትና እምቢ ይላል (በ96 አልነሳ ያለችህም በዚሁ... ተወው፣ አልነግርህም)።

ቨርጂኒያ 25 ዓመት ላለፋት መኪና የአንቲክ ታርጋ ይሰጣል፣ ግን ሌላ የምትነዳው መኪና ሊኖርህ ይገባል፣ ለሥራ መመላለሻም አይፈቀድም፣ ለሽርሽር ከቤትህ እስከ 250 ማይል ነው። ይበቃሃል።

ስሯ ደረቅ ከሆነ 9,500ው አይቆጭህም ባይ ነኝ፣ ቪኒሉ ከተንኮሻኮሸ ግን 4,000ም ውድ ነው። ለማየት ስትሄድ ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ከደለስ የመጣችው በዛችው መኪና ከሆነ ስለዛች ቀን የምታስታውሰውን መጀመሪያ ጠይቃት፣ የኔዋ እስከ ዛሬ የምታነሳብኝ ሂተሩ አልሰራ ብሎ እስከ ቤት ድረስ በጋቢ ተጠቅልላ መምጣቷን ነው።